«አባዬ» ያለኝ ሽንኩርት

ስሙኝማ፣ እኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ በመስታወቴ ያላየሁትን ነገር የለም ብዬ ነው የምንቀሳቀሰው፣ አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ዲፖ፣ ካንቲን ውስጥ ሾፌሮች ተሰብስበው «የአውቶቡሱ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣ ነበር፣ መጨረሻ ፌርማታ ስደርስ ግን የለችም» እያሉ ሲያወሩ፣ «ካሜራውን ቼክ አድርጉ፣ በኋላው በር ወርዳ ነው» ብዬ ወሬውን የማበላሽባቸው እኔ ነኝ። አገር ቤትም ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ «ሰይጣን አለበት» እያለ የሚሸሸው የተዘጋ ግቢ ነበር፣ ኳሳችን በገባች ቁጥር አጥር ዘልዬ የማመጣት እኔ ነበርኩ፣ ከውሻ በቀር ያሳደደኝ ነገር የለም። ይህን የምላችሁ ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም፣ ቀጥሎ የማወራውን የሚያወራችሁ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድታውቁት ብዬ ነው። ደግሞ ነገሩ የገጠመኝ በመቃብር ቦታ ወይም በድሮ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፣ ቢያንስ ሲያወሩት ያምራል፣ የኔው ግን የገጠመኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኳስ ሜዳ ዳር፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዤ፣ ከሽንኩርት ጋር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፣ እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እስቅ ነበር።

ሽንኩርቱ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። እዚህ አገር ትምህርት ቤቱም ኮሌጁም ለስፖርት ቡድኑ ማስኮት የሚሉት ነገር አለው፣ አንድ ተማሪ ትልቅ የስፖንጅ ልብስ ውስጥ ይገባና፣ በራሱ ላይ ሌላ ራስ ደፍቶ፣ ሜዳ ዳር እየዘለለ ቡድኑን ያበረታታል። አንበሳ ቢሆን ይገባኛል፣ ንስርም ቢሆን ይሁን፣ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ያለው የልጄ ኮሌጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚገቡበት፣ የመረጠው ግን ቀይ ሽንኩርት ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ተጋጣሚን ስለሚያስለቅስ» አሉኝ፣ እመኑኝ፣ ይህን ያለኝ ሰው ከረባት ያሰረ የተከበረ መምህር ነው። ሽንኩርቱ ውስጥ የምትገባው ደግሞ የኔዋ ትዕግስት ነበረች፣ አንድ ልጄ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ እዚሁ ለንደን የተወለደች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ እኔ የሌለኝ ነገር እሷ ይኑራት ብዬ፣ እንግሊዞቹ ግን ስሙ ረዘመብን ብለው ቲጊ አሏት።

ከራሷ አፍ ሰምቼው ቢሆን ምናልባት አልናደድም ነበር። አንድ ቀን ካንቲን ምሳዬን እየበላሁ፣ የካምደንን መስመር የሚነዳው ተስፋዬ ስልኩን ይዞ መጣና «ኃይሌ፣ ይቺ ልጅህ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። አየሁ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ቀይ ሽንኩርት፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የበቀለበት፣ ሜዳ ዳር ወገቡን እየነቀነቀ ይጨፍራል፣ ሲበቃው ራሱን ያወልቃል፣ ከውስጥ ላብ በላብ የሆነች ትዕግስት ብቅ ትላለች። ካንቲኑ በሳቅ ፈረሰ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ተለውጦ «አባ ሽንኩርት» ሆነ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት የደረስኩት ደሜ ፈልቶ ነው። «አገር ቤት ሴት ልጅ ሽንኩርት ትከትፋለች እንጂ ሽንኩርት አትሆንም!» አልኳት፣ ባለቤቴ ጽጌ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ገባች፣ ትዕግስትም ሳቀች፣ እዚህ ላይ ነው የባሰብኝ። «ሰው እንዲስቅብሽ ነው ያሳደግኩሽ?» ብዬ ጀመርኩና፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አባዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳቋን አቆመች፣ ትንሽ አየችኝ፣ «እሺ» ብላ ክፍሏ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እርስዎ ሻይ ትፈልጋለህ?» መጀመሪያ የተሳሳተች መስሎኝ ሳቅ ልል ነበር፣ ፊቷን ሳይ ግን ኩም አልኩ። ልጄ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለኝ፣ ጓደኞቼ «እንዴት አባቷን አንተ ትላለች» ሲሉኝ «ተዉአት፣ ፍቅር ነው» እላቸው ነበር፣ አሁን አንቱ አደረገችኝ። በሦስተኛው ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችበትን የአማርኛ ደብተር አውጥታ አጥንታ መሰለኝ ሰዋስዋን አስተካከለች፣ «ደህና አደሩ?» «ሻይ ይፈልጋሉ?» «ቁልፉን እዚህ ትተውታል።» እናቷን ደግሞ እኔው ተቀምጬ እየሰማሁ «እሳቸው ራት በልተዋል?» ብላ ትጠይቃታለች። አያችሁ፣ ብትሰድበኝ እቆጣት ነበር፣ በሯን ወርውራ ብትዘጋ እጮህባት ነበር፣ በአክብሮት የገደለችኝን ልጅ ምን ብዬ ልክሰሳት? ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርን። «አባዬ» የሚለውን ቃል ለመስማት ምን ያህል እንደጓጓሁ ለጽጌ እንኳን ለመናገር አፈርኩ።

ጽጌ ግን ታውቃለች፣ ሚስት አይደለችም? «ቅዳሜ የየኮሌጁ ማስኮቶች ሩጫ አለ፣ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጥቷል፣ የሥራ ሽፍትህን ቀይርና ሂድ፣ ሜዳው ላይ ይቅርታ ጠይቃት» አለችኝ። «አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» አልኩ። «ቢጠይቅ አይሞትም፣ ባይጠይቅ ግን ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እዚያው ትቀራለች፣ ያኔ በቴሌፎን እርስዎ ትልሃለች» አለች። ሽፍቴን ቀየርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ትዕግስት ወጥታለች፣ ልትለማመድ ሄዳ ይሆናል አልኩ። ጽጌ ሥራ ገብታለች። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ደረስኩ፣ ኅዳር ነው፣ እዚህ አገር በዚህ ወር ምሳ በልተው ሳይጨርሱ ይመሻል፣ ካፊያ አለ፣ ሣሩ ረጥቦ ያንሸራትታል። ማስኮቶቹን ብታዩልኝ! የጥርስ ሕክምና የሚያስተምረው ኮሌጅ ማስኮት ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ነው፣ ብሩሽ ተሸክሞ። አንድ እግሯ የተቆረጠ የለንደን እርግብ አለች፣ በሁለት እግሯ እየሮጠች አንዱን ለመደበቅ የምትሞክር። ቀንድ አውጣ አለ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አለ፣ አውቶቡስም አለ፣ ፊት ለፊት ያለው ጎማ ከበሩ በኋላ መሆን ሲገባው ከበሩ በፊት ነው የሳሉት፣ አጠገቤ ለቆመች ሴትዮ ይህንኑ ስነግራት ፈገግ ብላ ወደ ሜዳው ዞረች። ተሳስቄ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፣ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ብቅ ብሎ ዳር ላይ ቆመ። ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ፣ በኋላ አብረን እናየዋለን ብዬ። ፊሽካው ተነፋ፣ ጥርሱ ቀደመ፣ ዳቦው ከአውቶቡሱ ጋር ተላተመ፣ ሰው በሳቅ ሞተ፣ ሽንኩርቱ ግማሽ ሜዳ ላይ እግሩ ተጠላልፎ በግንባሩ ተደፋ። ሳላስበው «እኔን!» ብዬ ጮህኩ። ይሄ ቃል ትዕግስትን ሁልጊዜ ያስቃታል፣ እዚህ አገር ሰው ሲወድቅ «ደህና ነህ?» ነው የሚባለው፣ እሷም እኔ «እኔን» ባልኩ ቁጥር «አንተን ምን? ወደቅኩ እኮ እኔ!» ትለኛለች፣ አፏ ውስጥ ቃሉን አስገባለሁ ብዬ ስንት ዓመት ለፍቼ አልሆነልኝም። ያን ጊዜ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው፣ ማንም አላነሳትም። ቀንድ አውጣው አጠገቧ አለፈ፣ ዞር ብሎም አላየ፣ አስተማሪዎቹ ወደ ፊተኞቹ እያዩ ያጨበጭባሉ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ የምታየው ሜዳውን ሳይሆን እኔን ነው። የጮህኩት በአማርኛ ስለሆነ ነው ብዬ አፈርኩና ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሻይ ወደሚሸጥበት ዳስ ሄድኩ።

ሻይ ገዝቼ ከዳሱ ጀርባ ቆምኩ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፣ ወደ ልብስ መቀየሪያው የሚወስዱ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ከሽ ከሽ የሚል፣ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ በእጅ ሲያሹት የሚያሰማውን ታውቁታላችሁ፣ ልክ እሱ። ዞር ስል ቆማለች። ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ያ ትልቅ የተሳለ ዓይንና ያ ትልቅ ፈገግታ። ልብሱ ስፖንጅ ነው፣ ስፖንጅ ከሽ አይልም፣ ይሄን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፣ ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ራሷ መጣች።

«ወደቅሽ?» አልኳት። «ተጎዳሽ እንዴ?» ራሷን ዘንበል አደረገች። ሽታ መጣ፣ የተከተፈ ሽንኩርት ሽታ፣ ወጥ ቤት ገብቼ የቆምኩ እስኪመስለኝ ድረስ፣ ዓይኔን አቃጠለኝና እንባዬ ወረደ። እንግሊዞች ልብሱ ላይ ሽታም ይረጫሉ ማለት ነው ብዬ ነው፣ እመኑኝ፣ ያለፍኩት። አንዴ እንባዬ ከወረደ በኋላ ደግሞ መናገሩ ቀለለኝ፣ ፊቷን ስለማላይም ነው መሰለኝ፣ ለተሳለ ዓይን መናገር ለእውነተኛ ዓይን ከመናገር ይቀላል።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «አባዬ አትበይኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ በአንቺ ተናድጄ አይደለም። ለእናትሽም ያልነገርኳትን ልንገርሽ። እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው የብርድ ወራት፣ ብሪክስተን፣ የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጥ ቤት በር ላይ፣ ዶሮ ሆኜ ቆሜያለሁ። ሦስት ወር። ቢጫ ላባ ለብሼ፣ ምንቃር አድርጌ፣ ለሰው ወረቀት አድላለሁ። ጎረምሶቹ ጭራዬን እየጎተቱ ይስቃሉ፣ እሱስ ምንም አይደል። አንድ ቀን ግን ያገሬ ሰው፣ አብሮ አደጌ፣ ባጠገቤ ሲያልፍ ጫማዬን አየ፣ ከአገር አድርጌው የመጣሁት ቡናማ ጫማ ነው፣ አብረን ነበር የገዛነው። ቆመና ‹ኃይሌ?› አለኝ። አልመለስኩለትም። ክንፌን እያራገብኩ ጨፈርኩ፣ እስኪሄድ ድረስ ጨፈርኩ። አንቺን ሽንኩርት ሆነሽ ሳይ ያ ቀን ነው የመጣብኝ፣ እንጂ ባንቺስ ምን አፍራለሁ? አንቺ ወደሽ ነው የምትጨፍሪው።»

ይሄን ስል እጇን ያዝኩት። ነጭ ትልልቅ ጓንት ነው ያለው፣ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፣ ጣቷን ፈለግሁ፣ ጥጥ ብቻ ነው፣ ጨመቅሁት፣ መዳፌ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆነ። ጓንቱ ሰፍቷት እጇን ወደ ውስጥ ሰብስባ ነው አልኩ። እንዲህ ነው፣ ሰው ማመን ሲፈልግ ለሁሉም ነገር መልስ አለው። አፍሬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስል እርጥቡ ደረጃ አንሸራተተኝና ሻዬ ተደፋ፣ እኔም ልደፋ ስል የደረጃውን መደገፊያ ብረት ያዝኩ። ያኔ ከሽንኩርቱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«እኔን! አባዬ፣ ቀስ በል።»

እንዲህ ነው ያለኝ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ድምፁ የልጄ ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ የልጄ ነበር፣ ግን ልጄ እንዲህ ተናግራ አታውቅም፣ የእንግሊዝኛ ቃና የሌለበት፣ ረጋ ያለ፣ እዚያው አገር ቤት ያደገ አማርኛ ነው። ያን ጊዜ ግን ማን ስለ ቃና ያስባል፣ አባዬ አለችኝ፣ አንተ አለችኝ፣ ከዚያም በላይ «እኔን» አለችልኝ! ቀና ስል ከሽ ከሽ እያለች በልብስ መቀየሪያው ጥግ ታጠፈች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ ሻይ የፈሰሰበትን ሱሪዬን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ልብሷን ቀይራ ስትወጣ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

ጥርሱ ወጣ፣ ራሱን በብብቱ ይዞ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። እርግቧ ወጣች። ዳቦው ወጣ። ቀንድ አውጣውና አውቶቡሱም ወጡ። ትዕግስት አልወጣችም። በመጨረሻ የስፖርት አስተማሪዋ ቁልፍ ይዛ በሩን ልትዘጋ መጣች፣ አጠር ያለች፣ ሁልጊዜ የምትስቅ ሴት ናት።

«ቲጊን እየጠበቅሁ ነው» አልኳት።

«ቲጊ? ቲጊ እኮ ሽንኩርቱን ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆናት፣ አልነገረችዎትም? በጣም ነው ያዘንነው። ዛሬ የሚለብሰው ስላጣን ሽንኩርቱ አልተወዳደረም፣ በድምፅ ማጉያም ተናግረናል።»

«አሁን ሮጠ እኮ! ወደቀም!» አልኳት።

ፈገግታዋ እንዳለ ሆኖ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ፣ ይሄን ዓይን አውቀዋለሁ፣ እኔም የሰከረ ተሳፋሪ ሲያናግረኝ የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ከዚያ ግን ደግ ሴት ስለሆነች «ይምጡ» ብላ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን የዕቃ ክፍል በቁልፏ ከፈተችልኝ። ሽንኩርቱ ኳሶቹ መሃል መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ራሱ መደርደሪያ ላይ ነው። ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው፣ እንደ አመድ ደረቅ ነው፣ ውጭ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያካፋ ነው የዋለው። አሸተትኩት፣ የሳሙናና የአቧራ ሽታ እንጂ ሌላ ሽታ የለውም። ጓንቶቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተጠቅልለው የሽንኩርቱ ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዘዋል። «በስመ አብ» ስል አስተማሪዋ ምስጋና መስሏት «ምንም አይደል» አለችኝ።

ዳሱ ሄጄ ሻይ ሻጯን ጠየቅኋት፣ «ከጀርባ ቆሜ ሳወራ ከማን ጋር ነበርኩ?» «በስልክ መስሎኝ» አለች፣ «ሲያለቅሱ ስለሰማሁ መጥቼ ላስቸግርዎት አልፈለግሁም።» ስልኬን አወጣሁ፣ የቀረጽኩት አለ፣ ፊሽካው ይሰማል፣ ጥርሱና ዳቦው ይታያሉ፣ ከዚያ «እኔን!» የሚለው የራሴ ጩኸት አለ፣ ግን ስልኩ እጄ ላይ ዘንበል ብሎ ነው መሰለኝ ከዚያ ወዲያ የሚታየው እርጥብ ሣርና የራሴ ጫማ ብቻ ነው፣ ሽንኩርቱ የቆመበትና የሮጠበት ዳር ደግሞ መጀመሪያውኑ ከምስሉ ውጭ ነው። እንግዲህ ይሄ መኖሩን ወይስ አለመኖሩን ያስረዳል? ለሃያ አንድ ዓመት «ካሜራውን ቼክ አድርጉ» ስል የኖርኩ ሰውዬ ነኝ።

ጽጌ አራት ጊዜ ደውላ አላነሳሁም ነበር፣ መልሼ ደወልኩ። «የት ነህ አንተ? ልጅቷ እኮ ብሪክስተን ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ጸጉሯን እየተሠራች፣ ሽንኩርቱንም ትቼዋለሁ አለችኝ፣ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት፣ እንዳትሄድ ልነግርህ ነበር» አለች። «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። «ምን ማለትህ ነው? አሁን ፎቶ ልካልኛለች፣ ግማሽ ራሷ ገና አልተጎነጎነም፣ ምን ሆነሃል ድምፅህ?» «ብርድ ነው» አልኳት።

ማታ ትዕግስት ቤት ገባች፣ ጸጉሯ እስከ ወገቧ ወርዷል፣ አምሮባታል። ሶፋ ላይ ተቀምጬ አየኋት። «እንደምን አመሹ» ብላኝ ወደ ክፍሏ አለፈች። አያችሁ ነገሩን፣ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ይቅርም ተብያለሁ፣ ልጄ ግን አልሰማችም። ሦስት ሳምንት አምጬ ያወጣሁትን፣ ከሃያ ዓመት በላይ የደበቅሁትን ነገር፣ ማን እንደሆነ ለማላውቀው ነገር አውጥቼ ሰጠሁት፣ ለእሷ ባዶ አፌን ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት በሙሉ እንደገና ልነግራት ስሞክር ነው የኖርኩት። በሯ ላይ እቆማለሁ፣ «ትዕግስት» እላለሁ፣ «አቤት፣ ምን ፈለጉ?» ትለኛለች፣ «ምንም፣ መብራቱን አጥፊው» ብዬ እመለሳለሁ። አፌን ስከፍት ያ የሽንኩርት ሽታ ይመጣብኛል። አንድ ሁለቴ ለጽጌ ልነግራት አሰብኩ፣ ጸበል ሂድ እንደምትለኝ ስለማውቅ ተውኩት፣ ለተስፋዬ ደግሞ ከምነግረው ሞቴን እመርጣለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እኔ ወጥ ቤት ቂጣዬን እየበላሁ፣ ጽጌ ሥራ ሄዳለች፣ ትዕግስት ኮሌጅ ልትሄድ በሩ ጋ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቀድማኝ ተናገረች፣ ራሷን እንኳን ቀና ሳታደርግ።

«አባዬ፣ ብሪክስተን ላይ ዶሮ ሆነህ ስትቆም፣ ብርድ ነበር? ላይክ፣ ሪሊ ብርድ?»

ቂጣው አፌ ውስጥ ቀረ። እመኑኝ፣ «ላባው ያሞቅ ነበር» አልኳት፣ ሌላ ምን ይባላል?

«ጫማህን ያየው ሰውዬ ግን» አለች፣ ክሯን እየቋጠረች፣ «ሶ ሳድ፣ አባዬ። ለምን ዝም አልከው? ፍሬንድህ እኮ ነው።»

«ማን ነገረሽ?» አልኩ።

ቀና አለች፣ በጣም ነው የገረማት፣ ከዚያ ሳቀች፣ ያቺው የድሮ ሳቋ። «አንተ ነሃ! ያኔ፣ እያለቀስክ! ረሳኸው?» ተነስታ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አውቶቡሷ እንዳያመልጣት እየሮጠች ወጣች።

ብዙ አሰላሁት። ብሪክስተን ጸጉሯን የሠራቻት ልጅ ነግራት ይሆን እንዳልል፣ ጋናዊት ናት፣ እኔ ዶሮ በነበርኩበት ጊዜ አልተወለደችም፣ ዶሮ ቤቱም ከፈረሰ ቆየ። ያ አብሮ አደጌ እኔ መሆኔን ሳያረጋግጥ ነው የሄደው፣ ከዚያ ወዲያም ካናዳ ገባ አሉ እንጂ አይቼው አላውቅም። ሻይ ሻጯ እንደሆነች አማርኛ አትሰማም። እናም ያው አንድ ጥያቄ ይቀራል፣ «የት ሆነሽ ሰማሽኝ?» የሚል፣ በአንድ ቃል የምትመልሰው ጥያቄ ነው፣ ወይ ትስቅና አንድ ቀላል ነገር ትነግረኛለች፣ ወይ ደግሞ አስባ አስባ እሷም የት እንደሰማችው እንደማታውቅ ይገባትና አብራኝ ትፈራለች።

አልጠየቅኋትም። ይኸው ወር ሊሞላው ነው፣ ቤታችን ደህና ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ አባዬ ትለኛለች፣ አንተ ትለኛለች፣ ትቀልድብኛለች፣ ሽንኩርቱንም መልሳ ይዛለች። ልጄን ያገኘኋት በማላውቀው ሰው አማላጅነት ነው፣ ማን ነህ ብዬ ብጠይቀው መልሶ የሚወስዳት ይመስለኛል፣ ስለዚህ ዝም ብያለሁ። «አባዬ» ስትለኝ ግን ዞር ብዬ ፊቷን ሳላይ «ወዬ» አልልም።